ልጆች በመጽሐፍ ውስጥ ማንን ያገኛሉ?
ስለ አካታች የሕጻናት ሥነ ጽሑፍ የተሳሳቱ አመለካከቶች

አንድ የአንደኛ ክፍል የንባብ መጽሐፍ አንሡና ጽሑፉን ትታችሁ ሥዕሎቹን ብቻ ተመልከቱ። ውኃ የምትቀዳው ማን ናት? ኳስ የሚመታውስ? መሐል ቆሞ የሚናገረው ማን ነው? ጥግ ይዞ የሚያዳምጠውስ? ዓይነ ሥውር ሰው ካለ ምን ሲያደርግ ተሣለ? ሸክላ ሠሪዋ፣ ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው አሉ? ካሉስ ስም አላቸው? ብዙ ጊዜ የሚገኘው መልስ ተመሳሳይ ነው፦ እናት ከምድጃ ዳር፣ አባት ከሞፈሩ ወይም ከጋዜጣው ጋር፣ ልጅቷ እንስራ አዝላ፣ ወንዱ ልጅ ሲሮጥ፣ አካል ጉዳተኛው ምጽዋት ሲቀበል። ይህን ማንም ክፉ አስቦ አላደረገውም። ልጁ ግን ያየውን ይማራል።

አካታች የሕጻናት ሥነ ጽሑፍ የሚባለው ይህን ለማስተካከል የሚጻፍና የሚመረጥ መጽሐፍ ነው። ሴቷም ወንዱም፣ የከተማውም የገጠሩም፣ መስማት የተሳነውም የሚሰማውም፣ ሌላ ቋንቋ የሚናገረውም፣ በሌላ ቤተ እምነት የሚጸልየውም የሚያስቡ፣ የሚሳሳቱ፣ የሚስቁ ሙሉ ሰዎች ሆነው የሚገኙበት ማለት ነው። ሐሳቡ ለመናገር ቀላል ነው። ወደ ክፍል ሲገባ ግን መንገዱን የሚዘጉ አመለካከቶች ያጋጥሙታል፤ አንዳንዶቹ ከተቃዋሚዎች፣ አንዳንዶቹም ከደጋፊዎቹ ከራሳቸው የሚመጡ ናቸው።

“ልጆች ልዩነት አያውቁም፤ ብናወራላቸው ነው የሚያውቁት”

ይህ ከፍቅር የመጣ አስተያየት ስለሆነ በንቀት ሊታለፍ አይገባውም። ልጅ ንጹሕ ነው፣ ስለ መልክ፣ ስለ አካል ጉዳት፣ ስለ ሴትና ወንድ ካላነሣንበት ንጹሕ ሆኖ ያድጋል የሚል ተስፋ አለበት። ጥናቶች ግን ልጁ እኛ አፋችንን ከመክፈታችን በፊት ዓለምን መደልደል እንደጀመረ ያሳያሉ።

እ.ኤ.አ. በ2006 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ያየር ባር-ሃይምና ባልደረቦቹ የሦስት ወር ሕጻናት የጥቁርና የነጭ ሰዎችን ፊት ሲያዩ ዓይናቸው የት እንደሚያርፍ አጠኑ። በኢትዮጵያ የሚያድጉት ሕጻናት ጥቁሩን ፊት ረዘም ላለ ጊዜ አዩ፤ በእስራኤል የሚያድጉት ነጭ ሕጻናት ደግሞ ነጩን። ከኢትዮጵያ ከሄዱ ቤተሰቦች የተገኙና በእስራኤል ሁለቱንም ዓይነት ፊት እያዩ የሚያድጉት ሕጻናት ግን ለአንዱም አላደሉም። ይህ ገና አንገቱን በወጉ ያላቀና ልጅ ነው። የሦስት ወር ልጅ ጥላቻ የለውም፤ ልማድ ግን አለው፤ ልማዱም የተሠራው በዙሪያው ባለው ፊት ነው። ለእኔ ከዚህ ጥናት የሚበልጠው ክፍል ሦስተኛው ቡድን ነው። የሚያዩት ሲሰፋ የሚመርጡትም ሰፍቷል።

ትንሽ ከፍ ሲሉ ነገሩ ይጠነክራል። በ2017 በአሜሪካ በታተመ የሊን ቢያን፣ የሣራ-ጄን ሌስሊና የአንድሬ ሲምፒያን ጥናት የአምስት ዓመት ሴቶችና ወንዶች “በጣም ጎበዝ” የሚባለውን ሰው ከራሳቸው ፆታ ጋር እኩል ያያይዙ ነበር። ስድስት ዓመት ሲሞላቸው ሴቶቹ ወደ ኋላ ማለት ጀመሩ። በእኛ አገር ልጅ አንደኛ ክፍል ሊገባ የሚዘጋጅበት ዕድሜ ነው። “ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል” የሚለውን ተረት ደግሞ ልጃችን ከቤት፣ ከታክሲ፣ ከሠርግ ቤት ሰምቶታል። መምህሩ ዝም ሲል የተማሪው አእምሮ ባዶ ሆኖ አይጠብቀውም፤ ሠፈሩ ያስተማረው እንዳለ ይጸናል።

“ይህ የተፈጥሮ ነገር ነው፤ በመጽሐፍ አይለወጥም” የሚሉም አሉ። በ1983 በታተመው የዴቪድ ቻምበርስ ጥናት 4,807 ልጆች ሳይንቲስት እንዲሥሉ ተጠይቀው ሴት ሳይንቲስት የሣሉት 28 ብቻ ነበሩ፤ 28ቱም ሴቶች ናቸው። ከዚያ በኋላ በተደረጉ ተመሳሳይ ጥናቶች፣ በ2018 በታተመ ማጠቃለያ መሠረት፣ በአማካይ ከ100 ልጆች 28ቱ ሴት ሳይንቲስት ሥለዋል። ለውጡን መጻሕፍት ብቻቸውን አላመጡትም፤ በላቦራቶሪ ውስጥ ያሉ ሴቶች በዝተዋል፣ በቴሌቪዥንም በመጽሔትም ይታያሉ። ተፈጥሮ ቢሆን ኖሮ ግን በአንድ ትውልድ ዕድሜ ይህን ያህል አይናወጥም ነበር።

“የእኛ ተረቶች የእንስሳት ናቸው፤ ማንንም አይነኩም”

ጦጣ፣ ቀበሮና ጅብ ለዘመናት ጥበብ አስተምረውናል፤ ማንም ከልጆቻችን ሊወስዳቸው አይገባም። ነገር ግን እንስሳት የሰውን ቦታ ይሞላሉ ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። በቶሮንቶ ኒኮል ላርሰን፣ ካንግ ሊና ፓትሪሺያ ጋኒያ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ላሉ ልጆች ስለ ማካፈል የሚናገር አንድ ታሪክ በሁለት ዓይነት አነበቡላቸው፤ በአንዱ ገጸ ባሕርያቱ ሰዎች፣ በሌላው ልብስ የለበሱ እንስሳት ነበሩ። ከንባቡ በኋላ ይበልጥ ያካፈሉት የሰዎቹን ታሪክ የሰሙት ናቸው። ልጅ ታሪኩን ወደ ራሱ ሕይወት የሚያመጣው ራሱን የሚመስል ሰው ሲያገኝ ይቀለዋል።

ሰዎች ያሉባቸው ተረቶቻችንስ? እንጀራ እናት ክፉ፣ ጎባጣው ተንኮለኛ፣ ሰነፏ ሚስት የሚሳቅባት የሆኑባቸውን ተረቶች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። አንድ መምህር በክፍሉ የእንጀራ እናትን ተረት ሲያነብ፣ ከፊቱ ከተቀመጡት መካከል እናቱ ሞታ ወይም ተፋታ ከእንጀራ እናት ጋር የሚኖር ልጅ ሊኖር ይችላል። ያ ልጅ ትናንት ማታ ራት ያቀረበችለትን ሴት እያሰበ ያዳምጣል። ተረቱን መጣል አያስፈልግም። ከጎኑ ሌላ ታሪክ፣ ደግ እንጀራ እናት ያለችበት፣ መኖር አለበት። መምህሩም “ሁሉም እንጀራ እናቶች እንዲህ ናቸው ትላላችሁ?” ብሎ መጠየቅ አለበት።

“በክፍሌ አካል ጉዳተኛ ተማሪ የለም፤ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?”

አሜሪካዊቷ ምሁር ሩዲን ሲምስ ቢሾፕ በ1990 መጽሐፍን በመስተዋትና በመስኮት መስለውት ነበር፤ ልጅ በመስተዋቱ ራሱን፣ በመስኮቱ ሌላውን ያያል። አባባሉ በመምህራን ዘንድ በሰፊው ሲጠቀስ አንዱ ጎኑ ይረሳል። ቢሾፕ ያሳሰባቸው ራሱን የማያገኘው ልጅ ብቻ አልነበረም። ራሱን ብቻ የሚያየው ልጅም ስለ ዓለም የተጣመመ ግንዛቤ ይዞ ያድጋል ብለው ያስጠነቅቁ ነበር።

የአሜሪካን ታሪክ ካነሣን አይቀር፣ ነገሩ ምን ያህል እንደተጣመመ የሚያሳይ ቁጥር አለ። ናንሲ ላሪክ በ1965 ባሳተሙት ጽሑፍ ከ1962 እስከ 1964 የወጡ 5,206 የሕጻናት መጻሕፍትን መርምረው ቢያንስ አንድ ጥቁር ሰው የሚገኝባቸው 349 ብቻ መሆናቸውን አሳወቁ። ዛሬ በዋሽንግተን ወይም በአትላንታ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ወገኖቻችን የሚያገኙት መደርደሪያ ከዚያ በጣም ተሻሽሏል፤ የተሻሻለውም ሰዎች ቆጥረው ስለተናገሩ ነው።

ወደ ጥያቄው እንመለስ። ልጅ በአካል ያላገኘውን ሰው በታሪክ ማግኘቱ ጥቅም አለው ወይ? በ2006 ሊንዚ ካሜሮንና ባልደረቦቿ በእንግሊዝ ከአምስት እስከ አሥራ አንድ ዓመት ላሉ ተማሪዎች በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለስድስት ሳምንታት፣ በእንግሊዛዊ ልጅና በስደተኛ ልጅ መካከል ስላለ ወዳጅነት የሚያወሩ ታሪኮችን አነበቡላቸው፤ በትናንሽ ቡድንም አወያዩአቸው። ልጆቹ ስለ ስደተኞች ያላቸው አመለካከት ተሻሻለ። ይበልጥ የሠራው ደግሞ የልዩነቱን ስም የሚደብቀው ታሪክ አልነበረም። ሁለቱ ልጆች የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች መሆናቸውን እያስታወሰ አንዱ ስደተኛ፣ ሌላው እንግሊዛዊ መሆኑንም በግልጽ የሚናገረው ነበር። “ሁላችንም አንድ ነን” ብሎ ማለፍ የለመድን እኛ ከዚህ የምንማረው ብዙ ነው። ከቤታቸው የተፈናቀሉ ልጆች በየከተማው ትምህርት ቤት በሚገቡበት በዚህ ዘመን፣ ከመጡት ልጆች እኩል ተቀባዮቹም እንዲህ ያለውን ታሪክ ይፈልጋሉ።

“መጽሐፉ ካለ ራሱ ያስተምራል”

ይህ የደጋፊዎች ስሕተት ነው፤ እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። ጥሩ መጽሐፍ ይገዛል፣ ይመረቃል፣ ይደረደራል፤ ሥራው እዚያ ላይ ያበቃ ይመስላል።

በ1983 ካሮል ማርቲንና ቻርልስ ሃልቨርሰን ለአምስትና ስድስት ዓመት ልጆች ሥዕሎች አሳዩ። በአንዳንዶቹ ሰዎቹ የሚሠሩት ከተለመደው ውጭ ነበር፤ ለምሳሌ ሴት ልጅ እንጨት በመጋዝ ስትቆርጥ። ከሳምንት በኋላ ያዩትን ሲጠየቁ ብዙ ልጆች የሠሪውን ፆታ ቀይረው አስታወሱ። መጋዙን የያዘው ወንድ ልጅ ነበር አሉ፤ እርግጠኞችም ነበሩ። ሥዕሉን በዓይናቸው አይተውታል፤ አእምሯቸው ግን ወደሚያውቀው መልሶ አስተካከለው።

እንግዲህ በአንድ ክፍል ይህ እንዴት እንደሚሆን አስቡት። መምህርቷ በባሕር ዳር ስለምትኖር ጫልቱ ስለምትባል ልጅ የሚተርክ መጽሐፍ ታነባለች። የወንድሟ ብስክሌት ሰንሰለቱ ይበጠሳል፤ ጫልቱ ቁልፍ ፈልጋ፣ እጇን በግራሶ አጨማልቃ፣ ሁለት ጊዜ ተሳስታ፣ በሦስተኛው ትጠግነዋለች። ልጆቹ ያጨበጭባሉ፤ መጽሐፉ ይዘጋል። ከሦስት ቀን በኋላ “ታሪኩን ማን ይነግረኛል?” ብትል “ልጁ ብስክሌቱን ሠራው፣ እኅቱም አገዘችው” የሚል ተማሪ ቢነሣ ሊያስገርማት አይገባም።

ለውጡን የሚያመጣው በንባቡ መሐል የሚጠየቀው ጥያቄ ነው። ሰንሰለቱ የተበጠሰበት ገጽ ላይ ቆም ብላ “ማን የሚሠራው ይመስላችኋል?” ትበል። “ወንድሟ!” ይላሉ። “ለምን?” ብላ መልሱን ሳትነቅፍ ትስማ። ገጹን ትገልብጥ። ሲጨርሱ “መጀመሪያ ወንድሟ ነው ያላችሁት ምን አይታችሁ ነው?” ብላ ትመልሳቸው። “በሠፈራችሁ ብስክሌት ወይም ባጃጅ የምትጠግን ሴት አለች? ከሌለች ለምን ይመስላችኋል?” እዚህ ጋ ክፍሉ ይከፈላል። አንዱ “ሴት አትችልም” ይላል፤ አንዷ “አክስቴ ጀነሬተር ትሠራለች” ትላለች። የመምህርቷ ሥራ ፍርድ መስጠት አይደለም፤ ልጅቷ ስለ አክስቷ እስክትጨርስ ድረስ ሌሎቹ እንዲያዳምጡ ማድረግ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ ታሪኩን አስደግማ፣ የተቀየረ ካለ መጽሐፉን ከፍታ ታሳያቸው። ጊዜ የሚወስደው ከአሥራ አምስት ደቂቃ አይበልጥም።

በጣሊያን ሎሪስ ቬዛሊና ባልደረቦቹ ከሃሪ ፖተር መጻሕፍት ጭፍን ጥላቻን የሚያሳዩ ክፍሎች መርጠው ከአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር አነበቡ፣ ተወያዩም። ስለ ስደተኞች ያላቸው አመለካከት የተሻሻለው ከሃሪ ጋር ራሳቸውን ባመሳሰሉት ልጆች ዘንድ ነው። መጽሐፉ ድግምት አልሠራም፤ ልጁ ገጸ ባሕርዩን መውደድ፣ የሚያነጋግረው ሰውም ማግኘት ነበረበት። ለዚህ ነው ስብከት የበዛባቸው አካታች መጻሕፍት የሚከሽፉት። ልጅ የሚወዳት ጫልቱ ስለ እኩልነት ንግግር የምታደርገዋ አይደለችም፤ ግራሶ ፊቷ ላይ የቀባችው ናት።

አንድ ጥንቃቄ ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ስለ መስማት የተሳነው ልጅ የሚያወራ ታሪክ አንብቦ ወደ አንዱ ተማሪ ዞሮ “አንተስ ይህ ደርሶብህ ያውቃል?” ማለት ልጁን በጓደኞቹ ፊት ማጋለጥ ነው። ጥያቄው ስለ ገጸ ባሕርዩ ይሁን። ልጁ ከፈለገ ራሱ ይናገራል፤ ካልፈለገ ደግሞ ዝም ማለት መብቱ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ወጥመድ አለ። አካል ጉዳተኛን ወይ የሚታዘንለት፣ ወይ ተአምር የሚሠራ ጀግና ማድረግ። የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ በአምስት ዓመቷ የዓይን ብርሃኗን አጥታ በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች፤ ታሪኳ ለልጆች ሊነገር የሚገባው ነው። ግን ልጆች ከእሷ ጎን ሽልማት ያላገኘ፣ ሒሳብ የሚከብደው፣ ቀልድ የሚያውቅ፣ አንዳንዴ የሚያኮርፍ ዓይነ ሥውር ልጅ ያስፈልጋቸዋል። እንደማንኛውም ልጅ መሆን መቻልም ክብር ነው።

“የፈረንጅ ሐሳብ ነው፤ ባህላችንን ያጠፋል”

ቃሉ አዲስ ሊሆን ይችላል፤ ነገሩ ግን የቆየ ነው። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው እየጠሩ መስደብ እንዲቀር ዐዋጅ አስነግረዋል። ቀጥቃጩ ባይኖር ማረሻ፣ ሸማኔው ባይኖር ጋቢ፣ ሸክላ ሠሪዋ ባትኖር እንስራና ምጣድ እንደማይኖር ንጉሡ ገብቷቸው ነበር። እነዚህን ሰዎች “ቡዳ” እያለ የሚያገልል ባህል እንደነበረን አንካድ፤ ያን የሚቃወም ባህልም ነበረን። ለልጆቻችን የትኛውን እንደምናወርስ የምንመርጠው እኛ ነን።

ከውጭ የመጣስ ምን እንደሆነ በደንብ እናስተውል። በብዙ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያውን የሞላው በዕርዳታ የመጣ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። ናይጄሪያዊቷ ደራሲ ቺማማንዳ ንጎዚ አዲቼ በ2009 ባደረገችው ታዋቂ ንግግር፣ በልጅነቷ መጻፍ ስትጀምር ገጸ ባሕርያቷ ሰማያዊ ዓይን ያላቸው፣ በበረዶ ላይ የሚጫወቱ ነጮች እንደነበሩ ተናግራለች፤ ያነበበቻቸው መጻሕፍት እንዲያ ስለነበሩ። የእኛም ልጅ በረዶ ሲጥል የሚያሳይ መጽሐፍ አንብቦ መጽሐፍ የሌላ ሰው ነገር ነው ብሎ ቢያድግ ምን ይገርማል? አካታች መጽሐፍ ልጁን ወደ ቤቱ ይመልሰዋል፤ ከጎረቤቱም ያስተዋውቀዋል።

ይህን አስቀድመው ካስተዋሉት አንዱ አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ናቸው። ከኢትዮጵያ ተሰደው በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ፣ በስደተኞች ቋንቋ የተጻፉ የሕጻናት መጻሕፍት እንዲፈልጉ ተጠየቁ። በአማርኛ የሚሰጡት አጡ። ራሳቸው የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጻፉ፤ ወደ አገራቸውም ተመልሰው በ2003 በአዲስ አበባ ሾላ የሕጻናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በሐዋሳ ደግሞ አህያ የሚጎትተው ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አስጀመሩ። በቴሌቪዥን በኩል ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ የሠሩት “ፀሐይ መማር ትወዳለች” አለ፤ ቀጭኔዋ ፀሐይ የምትጠይቅ፣ የምትመራመር ሴት ልጅ ናት። ብሪታንያዊቷ ደራሲ ኤልሳቤጥ ሌርድ ከብሪቲሽ ካውንስል ጋር በየክልሉ ተዘዋውረው ከሶማሌ፣ ከአፋር፣ ከጋምቤላ፣ ከኦሮሞ፣ ከትግራይና ከሌሎችም ተረት ነጋሪዎች ያሰባሰቧቸው ተረቶችም አሉ። የአዲስ አበባ ልጅ የአፋርን ተረት፣ የጋምቤላ ልጅ የመንዝን ተረት ቢሰማ ከባህላችን ምን ይቀነሳል?

“መጽሐፍ የለም፤ ተማሪው ሰባ ነው”

ችግሩ እውነት ነው፤ መደምደሚያው ግን ትክክል አይደለም። ጮክ ብሎ ለማንበብ የሚያስፈልገው አንድ ቅጂ ነው። አፍሪካን ስቶሪቡክ የተባለው ድረ ገጽ በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች ጭምር በነጻ የሚታተሙ ታሪኮች አሉት። እሱም ካልተገኘ ልጆቹ የሠፈራቸውን ሸክላ ሠሪ፣ ሸማኔውን ሽማግሌ፣ ጀነሬተር የምትሠራውን አክስት ጠይቀው፣ ጽፈው፣ ሥለው የክፍሉን መጽሐፍ ራሳቸው ሊያዘጋጁ ይችላሉ። ሸክላ ሠሪዋ እናቱ የሆነች ልጅ የእናቱ ስም በክፍሉ መጽሐፍ ላይ ተጽፎ ሲያይ ምን እንደሚሰማው መምህሩ ፊቱን አይቶ ይረዳዋል።

መምህራን፣ በዚህ ሳምንት አንድ ታሪክ ምረጡ። ከማንበባችሁ በፊት በታሪኩ ውስጥ የሚወስነው ማን እንደሆነ፣ የሚታዘዘውም ማን እንደሆነ ለዩ። በመሐል አንድ ጊዜ አቁማችሁ ጠይቁ፤ መልሱን ሳታቋርጡ ስሙ። ወላጆችም ልጃችሁ ማታ ከትምህርት ቤት ሲመለስ “ስንት አገኘህ?” ከማለታችሁ በፊት ዛሬ ስለ ማን እንዳነበበ ጠይቁት።